የመስቀል ጉዞ በኮንትራት መኪና፦ ከጅማ እስከ እምድብር ከሦስት ልጆች ጋር

ባለቤቴ የቸሃ ጉራጌ ልጅ ስለሆነ መስቀል በደረሰ ቁጥር እኛ ቤት የሚያከራክረው በምን እንሂድ የሚለው ነው፤ መሄዱማ አይቀርም። አማቴ የሚኖሩት ከእምድብር ከተማ ትንሽ ገባ ብሎ ሲሆን፣ ከጅማ ወልቂጤ ድረስ ያለው መንገድ ብቻውን ወደ 190 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። እስከ ዛሬ በአውቶቡስ ስንመላለስ ኖረናል። ዘንድሮ ግን ትንሿ ልጃችን ገና ስምንት ወሯ በመሆኑ፣ የአራት ዓመቱ ወንድሟም መኪና ላይ በወጣ ቁጥር የሚያስመልሰው በመሆኑ፣ አንድ አባዱላ ከነሹፌሩ በኮንትራት ይዘን ሄደን ተመልሰናል። መኪናውን ያከራየን እዚሁ ጅማ ውስጥ ያለ ድርጅት ነው። በመልሱ ጉዞ ያጋጠመንን ስለምጽፍ ስሙን አላነሳም፤ አብዛኛው የምለው ግን በከተማችን መኪና ከነሹፌር የሚያከራዩትን ሌሎችንም የሚመለከት ይመስለኛል።

ዋጋው ርካሽ አይደለም። በመስከረም 13 አድርሶን እንዲመለስና በ20 መጥቶ እንዲወስደን ስንስማማ፣ ባዶውን የሚመለስበትንም ባዶውን የሚመጣበትንም ኪሎ ሜትር የከፈልነው እኛ ነን፤ ስለዚህም ጠቅላላው ሂሳብ፣ እናቴን ጨምሮ ስድስታችን በአውቶቡስ ደርሰን ብንመለስ ከምናወጣው ከአራት እጥፍ በላይ ሆኗል። (በበዓል ሰሞን አባዱላ ባዶውን ይመለሳል ብዬ አላምንም፤ ነገር ግን ይህን አንስቶ መከራከር ጊዜ ማባከን ነው።) ግማሹን ቀብድ ሰጥተን፣ ነዳጁ በእነርሱ፣ የሹፌሩ ምሳ በእኛ እንዲሆንና መንገድ ላይ ሌላ ሰው እንዳይጫን ተስማምተን ወረቀት ላይ ተፈራረምን። የት የት እንደምንቆምና ስንት ጊዜ እንደምንቆም ግን ማናችንም አላነሳንም። ሕፃን ይዞ የሚጓዝ ሰው ያን ሁሉ ገንዘብ የሚከፍለው መኪናው «ቁም» ሲባል እንዲቆምለት በመሆኑ፣ ይህን ሳንነጋገር መቅረታችን የኋላ ኋላ ዋጋ አስከፍሎናል።

መኪናው ንጹሕ ነበር፤ ጎማዎቹም ደኅና ናቸው። ቅር ያሰኘኝ የመቀመጫ ቀበቶው ነው። ለትንሿ ልጃችን አንድ ዘመዳችን ከውጭ ሲመጣ ይዞልን የመጣው የሕፃን መኪና ወንበር አለን። የእኛ ወንበር በወገብም በትከሻም በኩል የሚያልፍ ቀበቶ ካላገኘ አይታሰርም። በዚህ አባዱላ ውስጥ ግን እንዲህ ያለ ቀበቶ ያለው ከሹፌሩ ኋላ ባለው ረድፍ፣ በመስኮቱ በኩል ያለው አንድ መቀመጫ ብቻ ነው፤ የሌሎቹ ወገብ ብቻ የሚይዝ ሲሆን፣ አንዳንዶቹም ከመቀመጫው ሥር ገብተው ጠፍተዋል። የሄድንበት ቀን ሹፌር፣ በአርባዎቹ ዕድሜ ያለ ዝምተኛ ሰው፣ ይህን ሲያይ ምንም ሳይናገር እጁን እስከ ክርኑ ከወንበሩ ሥር አስገብቶ፣ ከቆሎ ፍርፋሪና ከማን እንደሆነች ከማትታወቅ አንዲት የልጅ ካልሲ ጋር የታላቋን ልጅ ቀበቶ ጎትቶ አወጣላት። የሕፃኗን ወንበር ፊቷን ወደ ኋላ አድርገን ስናስር ደግሞ በጉልበቱ ተጭኖ ቀበቶውን አጠበቀልን። ወንበሩ በቀበቶው ማለፊያ በኩል ተይዞ ሲወዘወዝ ከሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል በላይ መንቀሳቀስ የለበትም፤ የእኛ ንቅንቅ አላለም። እንዲህ ያለ ወንበር ያላችሁ ቤተሰቦች ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት መኪናው የቆመበት ድረስ ሄዳችሁ ወንበሩን አስራችሁ ብትሞክሩት ይበጃል። በስልክ «ቀበቶ አለው» መባሉ ምንም አይነግራችሁም።

ከንጋቱ 12 ሰዓት ተነስተን ሰርቦን ስናልፍ ልጆቹ ሁሉ ተኝተው ነበር። አሰንዳቦ ከመድረሳችን በፊት የአራት ዓመቱ ልጅ ነቅቶ ዝም አለ፤ እኔም የዚህን ዝምታ ትርጉም ስለማውቀው «ወንድሜ፣ ፈቃድህ ከሆነ ቁምልን» አልሁት። ሹፌሩ በመስታወቱ አንድ ጊዜ አየት አድርጎ፣ የመንገዱ ዳር ሰፋ ያለበትን ቦታ መርጦ ቆመ። ፌስታሉም አላስፈለገም፤ ልጁ ወርዶ አሥር ደቂቃ ያህል ከተራመደ በኋላ መልኩ ተመለሰ። ይህ ሕመም የሚበረታው ከ2 እስከ 12 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ ሲሆን፣ የሚመጣውም ጆሮ የመኪናውን እንቅስቃሴ ሲሰማ ዐይን ግን ፊት ለፊት ካለው ወንበር ወይም ከስልክ ላይ ሲተከል ነው። ስለዚህ ከዚያ በኋላ ስልኩን ነጥቀን፣ በሁለቱ የፊት መቀመጫዎች መካከል መንገዱን ማየት ወደሚችልበት ቦታ አዛወርነው፤ መስኮትም ከፈትንለት።

የመስኮት ነገር ከተነሳ፣ ከአውቶቡስ ያሸሸን አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። በአውቶቡስ ልጅ ሲያቅለሸልሸው መስኮት ብትከፍቱ ከኋላ «ንፋስ ገባ፣ ዝጉት» የሚል ድምፅ ወዲያው ይሰማል፤ ክፍት እንዲሆን የሚፈልገው ሰው ሁልጊዜ አንድ፣ እንዲዘጋ የሚፈልገው ደግሞ መላው አውቶቡስ ነው። በኮንትራት መኪና ውስጥ ይህ ጭቅጭቅ ቀረ ብዬ ነበር፤ ለካ እናቴን ረስቻታለሁ። ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ እስከ ሰኮሩ ድረስ ስታጉረመርም ቆየች። የሆነ ሆኖ የቤተሰብ ጭቅጭቅ ከባዕድ ጭቅጭቅ ይሻላል።

ከአሰንዳቦ በኋላ የግልገል ጊቤ ግድብ ውኃ ሲታይ ልጆቹ «ባሕር!» ብለው ጮኹ፤ አባታቸውም በቤታቸው የሚበራው መብራት ከፊሉ እንደዚህ ካለ ውኃ እንደሚመጣ ሊያስረዳቸው ሞከረ። ግድቡ 184 ሜጋዋት የሚያመነጭና በ1996 ዓ.ም. ሥራ የጀመረ ነው። እኔ ግን ሕፃን ይዤ እዚህ አካባቢም ሆነ ጊቤ በረሃ ውስጥ አመሻሽ ላይ መቆም አልፈልግም። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባደረጉት ጥናት፣ ለዚህ ግድብ ቅርብ በሆኑ መንደሮች የሚኖሩ ሕፃናት ራቅ ብለው ከሚኖሩት ይልቅ ለወባ የተጋለጡ ሆነው ተገኝተዋል። በጠዋት መነሳታችን አንዱ ምክንያትም ይህ ነው።

የጉዞው ከባድ ክፍል ከሳጃ በኋላ፣ ከደጋው ወደ ጊቤ ወንዝ የሚወረድበት ጠመዝማዛ ነው። ድልድዩ ያለበት ቦታ ከባሕር ጠለል በላይ 1,100 ሜትር ገደማ በመሆኑ፣ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ አየሩ ይሞቃል፤ ጆሮም ይደፈናል። ትልልቆቹ ልጆች ውኃ እየተጎነጩ ጆሯቸውን ሲከፍቱ፣ ሕፃኗ ግን ማልቀስ ጀመረች። እናቶች እንደሚያውቁት መድኃኒቱ ጡት ነው፤ ለማጥባት ደግሞ ከወንበሯ መፍታት ያስፈልጋል፤ ተሳቢ የጫነ መኪና በሚርመሰመስበት ቁልቁለት ላይ ልጅ ፈትቶ ማቀፍ ደግሞ የማይታሰብ ነው። ሹፌሩ ይህን ሁሉ ሳልነግረው ገብቶት፣ «ኩርባውን ካለፍን በኋላ ጥላ ያለበት ቦታ አለ፣ እዚያ አቆምላችኋለሁ» አለኝ፤ አቆመልንም። ሃያ ደቂቃ ቆመን እኔ አጠባሁ፣ እርሱ ጎማዎቹን በእጁ እየነካ ሙቀታቸውን አየ፣ ልጆቹ ደግሞ በመስኮት ዝንጀሮ ቆጠሩ። እዚያ የቆመ ሁሉ ሙዝ ስለሚወረውርላቸው ዝንጀሮዎቹ በሩ ድረስ ይመጣሉና፣ ልጆችን በዚያ አካባቢ አለማውረድ ነው።

ከጊቤ ወልቂጤ፣ ከወልቂጤ በጉብሬ በኩል እምድብር ያለው መንገድ ያለ ችግር አለቀ። ለአማቴ የጫንነው ቡና፣ አንድ ጀሪካን ማርና አንድ ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ ምንም ሳይሆን ደረሰ። አማቴ ሹፌሩን «ልጄ፣ ቁጭ በል» ብለው ክትፎ ሳያበሉት አልሸኙትም። እስከዚህ ድረስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለዚህ አገልግሎት አንዳች ነቀፋ አይኖረኝም ነበር።

በ20 የመጣው መኪና ያው ነው፤ ሹፌሩ ግን ሌላ ሆነ። ማንም አስቀድሞ አልነገረንም። ይህ ወጣት ጉንጩን በጫት ወጥሮ፣ አንድ እጁን ስልክ ላይ አድርጎ ነበር የሚነዳው፤ ባለቤቴ ሁለት ጊዜ በትሕትና፣ በሦስተኛው ደግሞ ትሕትናውን ትቶ ተናገረው። ጊቤን ወጥተን ልጁ ሲያቅለሸልሸው «ቁምልን» ስለው «ትንሽ ነው የቀረን፣ ሳጃ ላይ እንቆማለን» አለኝ፤ ልጁም ሳጃን አልጠበቀም። የአያቱ ቅቤ የተጠቀለለበት ቆጮ ላይ አስመለሰበት። ሰኮሩ ላይ ደግሞ «አንድ ሰው ብቻ ነው፣ ጥግ ላይ ይቀመጣል» ብሎ ተሳፋሪ ሊጭን ሲል፣ የተፈራረምንበትን ወረቀት አውጥቼ አሳየሁት። አኩርፎ እስከ ጅማ ድረስ አልተናገረንም፤ እኔም አልከፋኝም።

በማግስቱ ወደ ቢሮው ሄጄ ስናገር ኃላፊው ሳይከራከር ይቅርታ ጠይቆ ከቀሪው ሂሳብ ጥቂት ቀነሰልን። መልካም አድርጓል። ሆኖም አንዱ ሹፌር ሌላውን ሲተካ ደንበኛ የማይነገርበት አሠራር እስካልቀረ ድረስ፣ አንድ ሰው ይህን ቤት ቢጠይቀኝ «ጥሩ ነው» ብዬ ዝም አልልም፤ «የትኛው ሹፌር እንደሚመጣ አረጋግጥ» እለዋለሁ። ልጆቻቸው አሥር ዓመት ለሞላቸውና ዕቃ ለማይበዛባቸው ቤተሰቦች ደግሞ አውቶቡሱ ይበቃል፤ ይህን ያህል ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም። ሕፃን ላላቸውና መኪና የሚያመው ልጅ ላላቸው ግን፣ የመጀመሪያውን ዓይነት ሹፌር ካገኙ፣ ዋጋው አይቆጭም።

ለገና ከልጆቹ ጋር እንድንመጣ አማቴ ቃል አስገብተውናል። ከዚያው ቢሮ ቀብድ ከፍዬ በውሉ ላይ ሁለት መስመር አስጨምሬያለሁ፤ አንደኛው በመስከረም 13 የወሰደን ሹፌር ስም ሲሆን፣ ሁለተኛው «ተከራይ በጠየቀ ጊዜ መንገዱ በሚፈቅድበት በቅርቡ ቦታ ይቆማል» የሚል ነው። ጸሐፊዋ ሁለተኛውን ስትጽፍ ሳቀች፤ ልጅ እንዳላት ስጠይቃት ግን ገና አላገባሁም አለችኝ።