ለምህንድስና ተማሪ የትኛው ካሲዮ? 991ኢኤስ ፕላስ እና 991ኢኤክስ ሲመዘኑ

አምስት ኪሎ አካባቢ ስቴሽነሪ ገብቶ «ለኢንጂነሪንግ የሚሆን ካልኩሌተር» ብሎ የጠየቀ ተማሪ ብዙ ጊዜ ሁለት ይቀርብለታል፦ ካሲዮ 991ኢኤስ ፕላስ እና ወደድ የሚለው 991ኢኤክስ ክላስዊዝ። ሻጩ ወደ ውዱ ቢገፋ አይፈረድበትም፤ ፕላሱ 417 ፋንክሽን ሲኖረው ኢኤክሱ 552 አለው። የፋንክሽን ብዛት ግን ፈተና ላይ የሚያድን ነገር አይደለም። የእኛ ፍርድ ይህ ነው፦ ለሜካኒካል፣ ለኬሚካልና ለኤሌክትሪካል ፕላሱ ከበቂ በላይ ነው። ሲቪል የመረጠ ግን ጨምሮ ኢኤክሱን ቢገዛ ከሦስተኛ ዓመት በኋላ ራሱን ያመሰግናል።

ሁለቱም ክፍልፋይንና ስኩዌር ሩትን መጽሐፍ ላይ እንደተጻፈው ያሳያሉ፤ ኢንቴግራልና ዴሪቬቲቭ በቁጥር ያሰላሉ፤ 40 የአሃድ ቅየራም አላቸው። ለአንደኛ ዓመት የጋራ ኮርሶች በመካከላቸው ይህ ነው የሚባል ልዩነት የለም። ልዩነቱ የሚጀምረው እኩልታ ሲበዛ ነው። ፕላሱ በሞድ 5 እስከ ሦስት ያልታወቁ ቁጥሮች ድረስ ይፈታል፤ ማትሪክሱም 3 በ3 ላይ ያበቃል። ለስታቲክስ ይህ ይበቃል፤ አንድ ጠፍጣፋ አካል ሚዛኑን ለመጠበቅ ሦስት እኩልታ ብቻ ነው ያለው። ስትራክቸር ላይ ግን ስሎፕ ዲፍሌክሽን ወይም ስቲፍነስ ማትሪክስ የሚባሉት የስትራክቸር ማስያ ዘዴዎች ሲመጡ አራተኛው ያልታወቀ ብቅ ይላል። ኢኤክሱ አራት በአራት ይቀበላል፤ በፕላሱ ግን አንዱን በእጅ አጥፍቶ ወደ ሦስት ማውረድ ግድ ነው። የምልክት ስህተት የሚገባው ደግሞ እዚያ ላይ ነው።

በሁለቱም ላይ የሚደጋገም ስህተት አለ። የእኩልታው ሞድ (በፕላሱ ሞድ 5) ቋሚውን ቁጥር የሚጠብቀው ከእኩል ምልክቱ በስተቀኝ ነው። እኩልታውን «= 0» አድርጎ የጻፈ ተማሪ ቋሚውን ምልክቱን ሳይቀይር ካስገባው የመልሶቹ ምልክት በሙሉ ተገልብጦ ይወጣል። የሌለ ተለዋዋጭ ቦታ ላይም 0 መግባት አለበት፤ ቦታውን ዘሎ ማለፍ የቀረውን ሁሉ ያዛባል።

ኤሌክትሪካል ተማሪዎች ኢኤክሱን የሚገዙት «ኮምፕሌክስ እኩልታ ይፈታል» ተብለው ከሆነ ተሸውደዋል። ሁለቱም ሞዴሎች በእኩልታውም በማትሪክሱም ውስጥ ኮምፕሌክስ ቁጥር አይቀበሉም። ስለዚህ የኤሲ ሰርኪዩት ሜሽ ትንተና (በየዙሩ ያለውን ጅረት ማስላት) ላይ ሁለቱ እኩል ናቸው። በፕላሱ መውጫው ይህ ነው፦ ሁለት ሜሽ ላለው ሰርኪዩት ሞድ 2 (ኮምፕሌክስ) ውስጥ ገብቶ አራቱን ኢምፔዳንሶች (የኤሲ ተቃውሞዎች) በተራ በኤ፣ ቢ፣ ሲ እና ዲ ሜሞሪ፣ ሁለቱን ቮልቴጆች በኢ እና ኤፍ ማስቀመጥ፤ ከዚያ የመጀመሪያውን ጅረት (ኢ×ዲ − ቢ×ኤፍ) ÷ (ኤ×ዲ − ቢ×ሲ)፣ ሁለተኛውን (ኤ×ኤፍ − ሲ×ኢ) ÷ (ኤ×ዲ − ቢ×ሲ) ብሎ ማስላት። ሜሞሪዎቹ ኮምፕሌክስ ቁጥር ይይዛሉ። መልሱን ወደ ፖላር ለመቀየር ሺፍት፣ 2፣ 3፣ እኩል ነው። ለሙከራ 3+4አይ ብታስገቡ 5∠53.13 ካልመጣላችሁ ማሽኑ ዲግሪ ላይ አይደለም። የሎጂክ ዲዛይን ለሚወስዱ አንድ ነገር ብቻ፦ ፕላሱ ባይነሪን በ16 ቢት ይገድባል፣ ኢኤክሱ 32 ይሰጣል።

ውጤት የሚበላው ግን ከሞዴሉ ይልቅ ዲግሪና ራዲያን ነው። የሳይን ኢንቴግራል ከ0 እስከ ፓይ ግማሽ 1 ነው፤ ማሽኑ ዲግሪ ላይ ከቆየ 0.0215 ይላል፣ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ። ካልኩለስ ሲሆን በፕላሱ ሺፍት፣ ሞድ፣ 4 ብሎ ራዲያን ማድረግ ያስፈልጋል። ይበልጥ ተንኮለኛው የኤሌክትሪካሎቹ 10 ሳይን(314ቲ + 30°) ነው፤ 314ቲ ራዲያን፣ 30 ደግሞ ዲግሪ። ቲ 0.005 ሰከንድ ሲሆን ትክክለኛው መልስ 8.66 ነው። ሁሉንም በዲግሪ ያስገባ 5.24 ያገኛል፣ ሁሉንም በራዲያን ያስገባ 1.53። መፍትሔው ማሽኑን ራዲያን ላይ አድርጎ 30 ከጻፉ በኋላ በፕላሱ ሺፍት፣ አንስ፣ 1 መጫን ነው፤ ያ ቁጥር ብቻውን ዲግሪ ሆኖ ይነበባል።

የማባዛት ምልክትም እንዲሁ ቀላል አይደለም። የሬዞናንስ ፍሪኩዌንሲ ስታሰሉ 10 ሚሊ ሄንሪና 1 ማይክሮ ፋራድ ይዛችሁ 1÷2ፓይ√(የሁለቱ ብዜት) ብላችሁ የማባዛት ምልክት ሳታስገቡ ብትጽፉ 1591.5 ኸርዝ ይመጣል፣ ትክክል ነው። በመካከል × ካስገባችሁ ግን 0.000157 ይወጣል፤ ምልክት የሌለው ብዜት ከማካፈል ቀድሞ ይሠራል፣ ምልክት ያለው ግን ከግራ ወደ ቀኝ ተራውን ይጠብቃል። የ«×10» ኤክስፖነንት ቁልፉም ቁጥሩን አንድ አካል ያደርገዋል፦ 5÷2 ብሎ በዚያ ቁልፍ 3 ያስገባ 0.0025፣ በተራ ×፣ 10 እና ፓወር የጻፈ ደግሞ 2500 ያገኛል።

ያልታወቀውን ቁጥር ፈልጎ የሚያገኘው ሶልቭ (ሺፍት፣ ካልክ) ለሃይድሮሊክስ ወርቅ ነው። የቧንቧ ፍትጊያ መጠን የሚሰጠውን የኮልብሩክን እኩልታ እንዳለ ጽፎ፣ የእኩል ምልክቱን በአልፋ እና ካልክ አስገብቶ፣ መነሻ 0.02 መስጠት ነው። ሬይኖልድስ 100,000፣ አንጻራዊ ሸካራነት 0.001 ሲሆን 0.0222 ይመጣል። መነሻውን 0 ካደረጋችሁ ግን ስህተት ይላል፤ በኒውተን ዘዴ ስለሚሠራ ከየት እንደሚነሳ ወሳኝ ነው፣ ዜሮም በአካፋይ ቦታ ይገባል። ከመልሱ በታች ያለው የግራና የቀኝ ልዩነት ዜሮ ወይም ለዜሮ የቀረበ መሆኑን ሳታዩ አትመኑት።

አሁን ወደ ግዢው። ተመሳስሎ የተሠራ ስላለ ሱቅ ውስጥ መፈተን ነውር አይደለም። ሺፍትንና 7ን ይዛችሁ ኦንን ተጫኑ፤ የሙከራ ስክሪን መምጣት አለበት። 9ን፣ ከዚያ ሺፍትን ደጋግማችሁ ስትጫኑ ስክሪኑ እየጠቆረና እየነጣ ይሄዳል፤ የሞተ ነጥብ ካለ እዚህ ይታያል። ሶላሩን በጣት ሸፍኖ «ይኸው ይሠራል» የሚባለው ግን ፈተና አይደለም፤ ባትሪው ደህና እስከሆነ ድረስ ሶላሩ ተለጥፎ የተቀመጠ ፕላስቲክ ቢሆንም ማሽኑ አይጠፋም። የቁልፍ ጽሑፉን በጥፍር ፋቅ ማድረግ የተሻለ ይናገራል።

ባትሪው ለሁለቱም ኤልአር44 ነው፤ ሰዓት ጠጋኞች ጋ ኤጂ13 ተብሎም ይሸጣል፣ ያው ነው። ከቀየራችሁ በኋላ ሺፍት፣ 9፣ 3፣ እኩል፣ ኤሲ ብላችሁ ማሽኑን አጽዱት። ፈታኝ ሜሞሪ አጥፉ ሲልም የሚፈለገው ይኸው ነው፤ ካጸዳችሁት በኋላ ወደ ዲግሪ እንደሚመለስ ግን አትርሱ። ያገለገለ ስትገዙም ይህን አስቀድሙ፤ የቀድሞው ባለቤት በፊክስ 2 (ከነጥብ በኋላ ሁለት አሃዝ ብቻ በሚያሳየው) ትቶት ከሆነ 0.0004 የነበረው 0.00 ሆኖ ይታያል፣ ሳያጸዱትም በፕላሱ ሺፍት፣ ሞድ፣ 8፣ 1 ወደ ኖርም (መደበኛው አሳያየት) ይመልሰዋል።

ዋጋ እዚህ አንጽፍም፤ ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ዋጋ ተረጋግቶ ስላልቆየ የዛሬው ቁጥር ለሚቀጥለው ሴሚስተር ያሳስታል። አራት ኪሎና መርካቶ ጠይቆ ማወዳደር ይጠቅማል፤ የፒያሳ ሱቆችን የምታውቁ ደግሞ በኮሪደር ልማቱ ብዙዎቹ ቦታ ስለቀየሩ ከመሄዳችሁ በፊት ደውሉ። አዲሱ 991ሲደብሊው ከቀረበላችሁ የቁልፎቹ አቀማመጥ ተቀይሯል፤ ከላይ የጻፍናቸው ቅደም ተከተሎች አይሠሩበትም፣ በዶርም ውስጥ የሚያሳያችሁ ሲኒየር ማግኘትም ይከብዳል።