ግብር አዳራሹን እዩ፣ ምሳችሁን ደግሞ ጣይቱ ሆቴል ብሉ

አንድነት ፓርክ ሄዶ የመጣ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ አንበሶቹ ነው፣ ልጅ ይዞ የሄደ ደግሞ አንበሶቹ ጋ ቆሞ ነው የሚመሽበት። እኔ ግን የምመክራችሁ ዋናውን ሰዓታችሁን ለግብር አዳራሹ፣ ምኒልክ ግብር ያበሉበት ለነበረው ትልቁ የድግስ አዳራሽ ማለት ነው፣ እንድትሰጡት ነው፣ ሌላው ከዛ በኋላ ይደርሳል። ቦታው ታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ ነው፣ ከአራት ኪሎ ቁልቁል ወደ ሂልተን ስትወርዱ ማለት ነው፣ ለሕዝብ የተከፈተው በ2012 ዓ.ም መስከረም መጨረሻ ላይ ነው። ፍተሻ ስላለ መታወቂያ ያዙ፣ ብዙ ዕቃ አትሸከሙ፣ ምቹ ጫማ አድርጉ ግቢው ሰፊ ነው።

እኔ የሄድኩት ከአክስቴ ጋር ነው። አክስቴ ዕድሜዋን ሙሉ ድግስ ስትሠራ የኖረች ሴት ናት፣ ሰርግ በሉት ተዝካር በሉት ክርስትና፣ ሰፈራችን ውስጥ ያለሷ እጅ የተጣደ ድስት የለም ብል ማጋነን አይሆንም። አዳራሹ ውስጥ ስንገባ እኔ ጣሪያውን አንጋጥጬ አያለሁ እሷ ግን ከዳር እስከ ዳር በዓይኗ እየለካች ነው። ጋይዱ እዚህ አዳራሽ እስከ 8000 ሰው ግብር ይበላ ነበር እንደሚባል ሲነግረን ቆም አለችና «ልጄ፣ ሊጡ የት ነበር የሚቦካው?» አለችው። ልጁ ደስ አለው፣ «እማማ፣ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም» አላትና ማስረዳት ጀመረ፣ ሥራው በየቤቱ የተከፋፈለ ነበር፣ እንጀራ ቤቱ ለብቻ፣ ወጥ ቤቱ ለብቻ፣ ጠጅ ቤቱ ለብቻ፣ ሁሉም የራሱ አለቃ ነበረው እያለ።

እሷ ግን ሂሳቡን ጀምራዋለች። አንድ ሰው ሦስት እንጀራ ቢበላ (ወታደር ነው እኮ፣ ከዛ በታች አይበላም አለች) ለ8000 ሰው 24,000 እንጀራ ነው። አንዱ እንጀራ ምጣድ ላይ ሦስት ደቂቃ ይፈጃል ብንል፣ 100 ምጣድ ተጥዶ፣ 100 ሴት ሳታርፍ ብትጋግር እንኳን 12 ሰዓት ይፈልጋል። ይሄ እንግዲህ የሚፈጨው እህል፣ የሚቦካው ሊጥ፣ የሚቀዳው ውሃ፣ የሚለቀመው እንጨት ሳይቆጠር ነው፣ ወጡም ገና አልተነሳም ሽንኩርቱም አልተከተፈም። እኔ ይሄን ከሰማሁ በኋላ አዳራሹን እንደ ድሮው ማየት አልቻልኩም፣ ከግድግዳው ጀርባ ያለው ሕዝብ ነው የሚታየኝ።

ስለ ግብሩ ሥርዓት የተነገረንም በጣም ደስ ይላል። ምኒልክ መጀመሪያ መጋረጃ ተጋርዶላቸው ከትልልቆቹ መኳንንት ጋር ነው የሚበሉት፣ እነሱ ሲጨርሱ መጋረጃው ይገለጥና ሌላው በየማዕረጉ እየገባ ይቀመጣል፣ አንዱ ረድፍ በልቶ ሲነሳ ሌላው ይተካል። ብርንዶው በእንጨት ተንጠልጥሎ በሰው ትከሻ ይመጣል፣ የበላተኛው ፊት ሲደርስ እያንዳንዱ በቢላው የሚፈልገውን ይቆርጣል። ጠጅ አሳላፊው ደግሞ ከማቅረቡ በፊት ትንሽ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ እራሱ ይቀምሳል፣ መርዝ የለበትም ማለት ነው። አክስቴ ይሄን ስትሰማ እጇን ዘርግታ እንዴት እንደሚቀመስ አሳየችኝ፣ እናቷም ለእንግዳ ጠላ ስታቀርብ እንደዛ ታደርግ ነበር አለች።

የዚህ ሁሉ ዋና አዛዥ እቴጌ ጣይቱ ናቸው። ስለ አድዋ ስንናገር እናነሳቸዋለን ግን እንዲህ ያለ ድግስ ማስተዳደር ምን ያህል ጭንቅላት እንደሚፈልግ ብዙ ሰው የሚያስብ አይመስለኝም። እንጦጦ ማርያም ስትመረቅ በ1887 እ.ኤ.አ የደገሱት ድግስ ለቀናት የቆየ ነው፣ ከ5000 በላይ ከብት፣ በግና ፍየል እንደታረደ ተጽፏል። ከዛ ብዙም ሳይቆይ ክፉ ቀን ገባ፣ የከብት በሽታው በሬውን ጨረሰው፣ ገበሬው የሚያርስበት አጣ፣ ምኒልክ እራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፈሩ። ያን ድግስና ያን ረሃብ ያየው አንድ ትውልድ ነው፣ አዳራሹ ውስጥ ቆማችሁ ይሄን ሳታስቡ አትውጡ።

እኔን ግን ከሁሉም በላይ የገረመኝ ይሄ ወጥ ቤት ከተማውን ምን ያህል እንደሠራው ነው። እንጨቱን አስቡት፣ በየቀኑ ይሄን ሁሉ ምጣድና ድስት የሚያነድ። የእንጦጦና የዙሪያው ጫካ እየተመናመነ ሲሄድ ምኒልክ ዋና ከተማውን ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ወዳለችው አዲስ ዓለም ሊያዞሩት አስበው ነበር፣ ባህር ዛፍ መጥቶ ቶሎ ቶሎ ባይበቅል ኖሮ ዛሬ አራት ኪሎ የምንለው ቦታ ምን ይሆን ነበር። ውሃውም እንደዛው ነው፣ አልፍሬድ ኢልግ የተባለው የስዊዝ መሐንዲስ ከእንጦጦ በቧንቧ ቤተ መንግሥቱ ድረስ እስኪያመጣው ድረስ በእንስራ በሴቶች ጀርባ ነበር የሚመጣው። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶች ያየ ሰው ይሄ ታሪክ ሩቅ አይመስለውም። ለኔ የወጥ ቤቱ ነገር ብቻውን ሙሉ ኤግዚቢሽን የሚገባው ነው፣ ምጣዱ፣ ጋኑ፣ ወፍጮው፣ የፈጩትም የጋገሩትም ሴቶች ታሪክ።

የቀረውን ቶሎ ቶሎ ነው ያየነው፣ ዙፋን ቤቱ ያምራል፣ ደርግ የአፄ ኃይለ ሥላሴን ባለሥልጣናት ያሰረበት ምድር ቤት ስትገቡ ግን ልባችሁ ይከብዳል፣ ከትንንሽ ልጆች ጋር ከሆናችሁ አስቡበት።

አሁን ስለ ምግቡ። ከዚህ በፊት እንዲህ ካለ ጉብኝት በኋላ ስሙን የማልጠቅሰው አንድ የባህል ምግብ ቤት ገብተን ነበር፣ ሜኑው ላይ የንጉሥ ማዕድ ምናምን የሚል ነገር አለው፣ እንጀራው የአደረ፣ ጠጁ ስኳር ስኳር የሚል፣ ሂሳቡ ደግሞ እውነትም የንጉሥ። አክስቴ ብርሌውን አንዴ ቀመሰችና አስቀመጠችው፣ «ጌሾው የታለ?» ብቻ ነው ያለችው። የቤተ መንግሥት ስም የሚለጥፍ ሰው ቢያንስ ጠጁን በማር ይጣል።

በዚህኛው ዙር ታክሲ ይዘን ፒያሳ ጣይቱ ሆቴል ሄድን፣ እናንተም እንደዛ አድርጉ። ሆቴሉን በ1898 ዓ.ም አካባቢ የከፈቱት እራሳቸው እቴጌ ናቸው፣ የአገራችን የመጀመሪያው ሆቴል ነው፣ በ2007 እሳት ደርሶበት በከፊል ተቃጥሎ ነበር ግን አሁንም አለ፣ የእንጨቱ ደረጃና ወለል ሲረገጥ ድምፁ ራሱ ሌላ ነው። የጾም ቡፌ አላቸው፣ እኛ ምስር ወጥ፣ ክክ አልጫ፣ ጎመን፣ ፎሶሊያ፣ ሽሮ አነሳን። የክኩ አልጫ ለስላሳ ነው እርዱ አልበዛበትም፣ ምስሩ ቁሌቱ በደንብ በስሏል። አክስቴ የሰው ወጥ በቀላሉ አታደንቅም፣ እዚህ ግን ሁለተኛ ተነስታ ምስሩን ደገመች፣ አስተናጋጇንም ጠርታ «እጃችሁ ይባረክ» አለቻት።

ለቤተሰብ ጥሩ ቀን ነው። ጠዋት በጊዜ ግቡ፣ ጋይድ ያዙ፣ በተለይ ድግስ የምትሠራ እናት ወይ አክስት ካለቻችሁ ይዛችኋት ሂዱ፣ ጥያቄውን እሷ ትጠይቅ። የቲኬቱ ዋጋ ስለሚቀያየር ከመሄዳችሁ በፊት ደውላችሁ አጣሩ፣ ጣይቱ ደግሞ ከሰባት ሰዓት በፊት ብትደርሱ ይሻላል፣ ከዛ በኋላ ወንበር ይጠባል።