14 ቀን አብራኝ የተዘጋባት የኦክስጅን መለኪያ

እ.ኤ.አ. 2020 ነው፣ ኮሮና ዓለሙን የዘጋበት ዓመት። ከውጭ አገር እንደተመለስኩ ሻንጣዬን እየጎተትኩ በቀጥታ መኝታ ቤቴ ገባሁና በሩን ዘጋሁ። ደንቡ 14 ቀን ነበር። ምግብ በር ላይ ይቀመጣል፣ ይንኳኳል። ኮቴው እስኪርቅ እጠብቃለሁ፣ ከዚያ እጄን ብቻ አውጥቼ ሳህኑን እስባለሁ። ኳራንቲን ማለት በቃ ይኸው ነው፤ ስለሱ ብዙ የምለው የለኝም። የምጽፈው በነዚያ ቀናት ከሰው ሁሉ በላይ ስላፈጠጥኩባት ዕቃ ነው፤ ጣት ላይ ስለምትሰካው የኦክስጅን መለኪያ። ፐልስ ኦክሲሜትር ይሏታል።

በመጠን ከክብሪት ቀፎ ብዙም አትበልጥም። እንደ ልብስ መቆንጠጫ አፏን ትከፍቱና ጣታችሁን ታጎርሷታላችሁ። ቁልፏ ሲነካ ቀይ መብራት ይበራል፤ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ሁለት ቁጥር ትሰጣለች። አንዱ በደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን በመቶኛ፣ ሌላው የልብ ምት በደቂቃ። ጤነኛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከ95 እስከ 100 ያነባል።

እኔ የመጀመሪያው ማታ ያነበብኩት 91 ነው።

ቀልቤ ተገፈፈ። ሌላ ጣት ሞከርኩ፣ 92። መስኮቱን ከፈትኩና በረጅሙ ተነፈስኩ፣ እንደገና 91። ነርስ ለሆነችው ታላቅ እህቴ ደወልኩ። እኔ ማልቀስ ጀምሬያለሁ፣ እሷ እቴ፣ ምንም አልመሰላት።

«ጥፍርሽን ተቀብተሻል እንዴ?» አለችኝ።

ጣቶቼን አየኋቸው። ለጉዞው ብዬ የተቀባሁት ጥቁር ሰማያዊ ቀለም አሁንም ያብረቀርቃል። «ልሞት ነው እያልኩሽ ስለ ጥፍር ታወሪኛለሽ?» አልኳት። «አጥፊውና እጅሽን አሙቀሽ ለኪ» ብላ ዘጋችብኝ። የቀለም ማጥፊያ በር ላይ አስቀመጡልኝ። ሁለት ጥፍር ፋቅሁ፣ እጆቼን ብርድ ልብሱ ውስጥ ከትቼ አምስት ደቂቃ ቆየሁ፣ ለካሁ። 97።

ነገሩ ሲገባኝ ቀላል ነው። መለኪያዋ ቀይ ብርሃንና ለዓይን የማይታይ ኢንፍራሬድ በጣት ውስጥ ታሳልፋለች። ኦክስጅን የያዘ ደምና ያልያዘ ደም እነዚህን ብርሃኖች የሚውጡት በተለያየ መጠን ነው፤ ቁጥሩ የሚሰላው ከዚያ ልዩነት ነው። ጥቁር ሰማያዊ ቀለም መሀል ሲገባ ስሌቱ ይበላሻል። የቀዘቀዘ ጣትም ደም በደንብ ስለማይዞርበት ያሳስታታል። ይህን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1974 ይፋ ያደረጉት ታኩዎ አዮያጊ የተባሉ ጃፓናዊ መሐንዲስ ናቸው። ያረፉትም በዚያው በ2020፣ ዓለም ሁሉ ዕቃቸውን ጣቱ ላይ በሰካበት ዓመት ነው።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። አንደኛ፣ ስለ ጥፍር ቀለም የሚናገረው ነገር መመሪያው ውስጥ አለ፤ ግን ጉንዳን በሚያክል ፊደል፣ መጨረሻው ገጽ ላይ። መሸፈኛው ላይ በትልቁ ቢጻፍ ምን ነበረበት? ሁለተኛውን ያወቅሁት ከወጣሁ በኋላ ነው፤ ይኼኛው ያናድዳል። በ2020 ታኅሣሥ አካባቢ አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት እንዳሳየው መሣሪያው የኦክስጅን ማነስን ሳያይ የሚያልፈው በጥቁር ሕሙማን ላይ ከነጮቹ ሦስት እጥፍ ገደማ በሚበልጥ ጊዜ ነው። እኔ ጥቁር ነኝ። ያቺ ያሳቀችኝ 97 ስንት እንደነበረች እንግዲህ እሷ ታውቃለች። ስለዚህ አንድ ቁጥር ብቻ ይዞ መደንገጥም መዝናናትም አያዋጣም። በየቀኑ እየጻፉ መውረድ መጀመሩን ማየት ይሻላል። ትንፋሽ ካጠረ ደግሞ ቁጥሩ የፈለገውን ይበል፣ ሐኪም ጋ መደወል ነው።

እኔ ግን መጀመሪያ ሰሞን መለኪያዋን ከጣቴ አላወርድም ነበር። ከእንቅልፌ ስነቃ፣ ከሻወር ስወጣ፣ ስልክ እያወራሁ ሁሉ። ልቤ እየመታ እለካለሁ፣ የልብ ምቴ 110 ሲሆን በሱ ደግሞ እደነግጣለሁ። እህቴ ጠዋትና ማታ ብቻ ብላ ገደበችኝ። ወረቀት በሩ ጀርባ ላይ ለጥፌ መጻፍ ያዝኩ፦ 97፣ 98፣ 96፣ 97። አምስተኛው ቀን ላይ እጄ ተንቀጠቀጠ፤ ምልክት በብዙ ሰው ላይ የሚታየው በዚያ ሰሞን ነው ሲባል ሰምቼ ነበር። 98 መጣ። ደስ ብሎኝ ያለ ማስክ ወደ ሳሎን ልወጣ በሩን ከፈትኩ። ስልኬ እህቴ ጋ ክፍት ነበርና «ቁጥሩ የመውጫ ፈቃድ አይደለም!» ብላ ጮኸች። እውነቷን ነው። ሰው 98 እያነበበ ቫይረሱን ቤት ሙሉ ሊያዳርስ ይችላል። መያዝ አለመያዝን የሚናገረው ምርመራ ነው፣ ይህቺ ስለዚያ ምንም አታውቅም።

ስለ ሌላው ቶሎ ልበል። ብርሃኗ ጥሩ ነው፣ ጨለማ ውስጥም ይነበባል። አብሯት የመጣው ባትሪ በስምንተኛው ቀን አለቀ። ድምጿ ያበሽቃል፤ ቁልፉን ተጭኖ በመያዝ እንደሚጠፋ ያወቅሁት አሥረኛው ቀን ላይ ነው። አብሬ የገዛሁት የግንባር ቴርሞሜትር ደግሞ ፌዝ ነው። መስኮት አጠገብ ተቀምጬ 34.8 አለኝ፤ በሱ ቤት ሬሳ ነኝ። ተራው የብብት ቴርሞሜትር ይሻላችኋል።

ለመለኪያዋ ከአምስት ሦስት ተኩል እሰጣታለሁ። ግማሿ ለእህቴ ናት። አሁን መሳቢያ ውስጥ ተቀምጣለች፤ አፍስሶ እንዳያበላሻት ባትሪውን አውጥቼዋለሁ። የጥፍር ቀለሙ እዚያው ጎኗ ነው።