ብልቃጡ ላይ «ሆርሞን» ብቻ ይላል

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። ከአፓርታማዬ ፀሐይ የሚገባው በአንድ መስኮት ብቻ ነው። እሱንም አንዲት ነጭ ፋላኖፕሲስ ኦርኪድ ይዛዋለች። እሷን ላባዛ ብዬ የቲሹ ካልቸር (ከተክል የተቆረጠን ቁራጭ በታሸገ ጠርሙስ ውስጥ ማሳደጊያ) ኪት በ48 ዶላር አዘዝኩ። የሻጩን ስም አልጠራም።

ካርቶኑ ውስጥ ኤምኤስ የሚባለው የማዕድን ዱቄት አለ፤ ሙራሺጌና ስኩግ የተባሉ የዕፅዋት ተመራማሪዎች በፈረንጆቹ 1962 ያወጡት ቀመር ነው። አጋር (ምግቡን እንደ ጄሊ የሚያረጋው)፣ ስኳር፣ የከሰል ዱቄትና አንዲት ትንሽ ብልቃጥም አብረው መጥተዋል።

ስኳሩ ለአንድ ሊትር 30 ግራም ነው። እናቴ በቪዲዮ ስመዝን አይታኝ «ደግሞ ለአበባ ስኳር!» ብላ ሳቀች። ጠርሙስ ውስጥ የታሸገ ቁራጭ ግን ገና የራሱን ምግብ በወጉ አይሠራም፤ ከውጭ ካልቀለብነው ይሞታል። ጣጣው ሻጋታም ስኳር መውደዱ ነው። ከስድስት ጠርሙስ ሦስቱ በአምስተኛው ቀን ነጭ ጥጥ አበቀሉ። እሱ የኔ ጥፋት ነው፤ ከአበባው ዘንግ የቆረጥኳቸውን አንጓዎች በረኪና ውስጥ በደንብ አላቆየኋቸውም። ምግቡን ከጀርም የማጸዳበትን ፕሬዠር ኩከርም ስልክ ይዤ ረስቼው 20 ደቂቃው 45 ሆነ። ስኳሩ ተቃጥሎ የሻይ መልክ ይዞ ወጣ። እንደገና አፈላሁ።

ብልቃጧ ግን የኔ ጥፋት አይደለችም። ላይዋ «ሆርሞን» ብቻ ይላል። ምን ዓይነት? ስንት ሚሊግራም? የለም። ጽፌ ስጠይቅ ቢኤፒና ኤንኤኤ የተቀላቀሉባት ናት፣ ቢኤፒው ይበዛል አሉኝ። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። ቢኤፒ ሳይቶካይኒን ነው፤ ሲበዛ ቡቃያ ያወጣል። ኤንኤኤ ኦክሲን ነው፤ እሱ ሲያይል ሥር ይመጣል። ያው ስኩግና ባልደረባው ሚለር ይህን በትምባሆ ያሳዩት በ1957 ነው። አንድ ላይ ቀላቅሎ የሸጠልህ ሰው ምርጫውን ራሱ መርጦልሃል ማለት ነው።

የአበባው ዘንግ እንደ ሸንኮራ አንጓ አንጓ ነው። ከተረፉት ሦስት አንጓዎች አንዱ ሰባት ቡቃያ አወጣ፤ ተጨናንቀው እንደ ጥቅል ጎመን ሆኑ። በአራት ወር አንዲት ሥር የለም። መመሪያው ደግሞ ከሰሉን እዚያው ጠርሙስ ጨምሩ ይላል። ከሰል ቁራጩ የሚተፋውን ቡናማ ፈሳሽ ይመጥጣል፣ ጥሩ። ግን ሆርሞኑንም አብሮ ይመጥጣል! ታዲያ ለምን አስገዛችሁኝ?

በመጨረሻ ሆርሞን የሌለው ዱቄት ለብቻው ገዛሁና ሁለት ቡቃያ አዛወርኩ። በሁለት ወር አንደኛው ክብሪት እንጨት የምታህል ነጭ ሥር አወጣ።

ዱቄቱና አጋሩ እንከን የላቸውም፤ አጋሩ ጠርሙሱን ብገለብጠው እንኳ አልተነቃነቀም። ለኪቱ ከአምስት ሁለት ኮከብ ሰጥቻለሁ። ለሻጩም «ሁለቱን ሆርሞን ለየብቻ አድርጉ፣ መጠኑን ጻፉበት» ብዬ ጻፍኩ። የመጣልኝ መልስ የ10 በመቶ ቅናሽ ኩፖን ነው።