ልጄ የምትንጠለጠልበትን ገመድ ላዩልኝ ሰው ምስጋና

ይህን የምጽፈው በዴንቨር፣ በኦሮራና በአካባቢው ለምትኖሩ፣ በተለይም ልጆቻችሁ ዓለት መውጣት ለጀመሩ ወገኖቼ ነው። ባለፈው ጥቅምት ትልቅ ውለታ የዋሉልኝን አንድ ሰው በአደባባይ ሳላመሰግን ዓመቱ እንዲያልፍ አልፈለግሁም። ስማቸው እንዳይጻፍ ስለለመኑኝ «ጋሼ» እያልሁ እቀጥላለሁ፤ ልጄም እኔም የምንጠራቸው እንዲሁ ነው። የሚሠሩት በከተማችን ከሚገኙት የዓለት መውጫ አዳራሾች በአንዱ፣ ገመድና መታጠቂያ ከሚከራይበት መስኮት ጀርባ ነው። አገር ቤት ሳሉ ከሃያ ዓመት በላይ በቴሌ የመስመር ሠራተኛ ነበሩ። ምሰሶ ላይ ወጥተው ያደሩ ሰው ስለሆኑ ገመድን የሚያዩት እኛ በምናይበት ዓይን አይደለም።

ልጄ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ዓለት መውጣት ከጀመረች ሁለት ዓመት ሆኗታል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጎልደን ከተማ በላይ ወዳለው ኖርዝ ቴብል ማውንቴን እንሄዳለን። ድንጋዩ የቀዘቀዘ የእሳተ ገሞራ ባዛልት ነው፤ የአገራችንን ደጋ ጥቁር ድንጋይ ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይሆንበትም። ፀሐይ በደንብ ስለሚያገኘው በበረዶው ወራት እንኳ ይወጣበታል። እርሷ ትወጣለች፤ እኔ ከታች ቆሜ ገመዷን እለቅላታለሁ፣ ስትወድቅም እይዛታለሁ። ሲመሽ ገመዱን በመዳፌና በክርኔ ዙሪያ እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ እጠመጥመውና ከረጢቱ ውስጥ ከትቼ መኪናዬ የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ እወረውረዋለሁ። እዚያው ጥግ ላይ አውጥቼ ያልጣልሁት አሮጌ የመኪና ባትሪ ነበር። አሁን ይህን ስጽፍ እንኳ ሆዴ ይረበሻል።

ወደ ጋሼ የሄድሁት ገመዱ አስቸግሮኝ ነው። ልጄን ሳወርዳት እንደ እንዝርት መሽከርከር ጀመረች፤ ገመዱም መያዣው መሣሪያ ውስጥ ሊገባ ሲል እየተጠማዘዘ ይተበተብ ነበር። ጥፋቱ የመሣሪያው መስሎኝ ሌላ ልገዛ ገባሁ።

«መሣሪያውን ለመግዛት አትቸኩል» አሉኝ። «ገመዱን ይዘኸዋል?»

ከመኪናው አምጥቼ ሰጠኋቸው። ከረጢቱን ባንኮኒው ላይ ፈቱት፤ ገመዱን ሳይነኩ በፊት ግን ከረጢቱን አገላብጠው ወደ ብርሃን ያዙት። ከሥሩ በኩል የሃምሳ ሳንቲም ስፋት ያላት ቡናማ ነጠብጣብ ነበረች። ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን ከረጢት ስሸከም አንድ ቀን አይቻት አላውቅም።

«ይህ ምንድን ነው?»

«አላውቅም ጋሼ።»

«ገመዱን ከምን ጋር ነው የምታስቀምጠው?»

ባትሪውን ስነግራቸው ዝም አሉ። ከዚያ ስልሳውን ሜትር ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቶቻቸው መካከል አሳለፉት፤ ክንድ በክንድ እያጠፉ፣ እጥፉ ክብ ሆኖ መቆሙን ወይም እንደ ወረቀት መታጠፉን እያዩ። ውስጡ የተጎዳ ገመድ ሲያጥፉት ሹል ሆኖ ይሰበራል፣ ወይም ለጣት ባዶና ልል ሆኖ ይሰማል። ግማሽ ሰዓት ፈጀባቸው። በመካከሉ ለሁለት ደንበኞች መታጠቂያ አከራይተው ተመለሱ፤ የቆሙበትን ቦታ በአውራ ጣታቸው ይዘው ስለነበር ከዚያው ቀጠሉ። በእጅ የሚገኝ ነገር አላገኙም።

«እንግዲህ ስማኝ ወንድሜ» አሉኝ። «ይህ ናይሎን ነው፤ የባትሪ አሲድ ደግሞ የናይሎን ጠላት ነው። ከላይ ምንም ሳይታይ ውስጡን ሊበላው ይችላል። ተበላሽቷል ብዬ አልምልልህም፤ ደኅና ነው ብዬም አልምልልህም። ልጅህን ግን ‹ምናልባት› ላይ አላንጠለጥላትም።»

እኔ አልተከራከርሁም። ልጄ ግን አለቀሰች፤ የመጀመሪያ ገመዷ ነበር። እርሳቸውም «ነይ እናቴ» ብለው ወደ ባንኮኒው ጠሯትና መቀሱን ሰጧት። ሙሉ ገመድ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ከተጣለ ሌላ ሰው አንስቶ ይወጣበታል፤ ስለዚህ ሁለት ሁለት ሜትር እያደረገች ራሷ ቆረጠችው። ሠላሳ ቁራጭ ሆነ። ከአንዱ ጫፍ ሽፋኑን ወደ ኋላ ገፍተው ውስጡን አሳዩን። ከላይ ባለቀለም ሽመና፣ ከውስጥ የተገመዱ ነጫጭ ክሮች። የገመዱን ዋና ጭነት የሚሸከሙት እነዚህ ነጫጮቹ ናቸው፤ ሽመናው እነርሱን ይጠብቃል። ይህን አሠራር እ.ኤ.አ. በ1953 ያመጣው ኤደልሪድ የተባለው የጀርመን ድርጅት ነው፤ ከዚያ በፊት የነበረው የተገመደ ገመድ ነበር። በነጮቹ ክሮች መካከል እንደ ክር የቀጠነች የፕላስቲክ ጥብጣብ ወጣች። ልጄ በስልኳ አጉልታ አነበበችው፦ የአምራቹ ስምና የተሠራበት ዓመት፣ 2019። «ይህቺ የልደት ካርዱ ናት» አሏት ጋሼ። አብዛኞቹ አምራቾች አንድም ቀን ያልተወጣበትን ገመድ እንኳ ከተሠራ ከአሥር ዓመት በኋላ እንዲወገድ ያዛሉ፤ በየሳምንቱ የሚወጣበት ደግሞ አንድ ዓመት ገደማ ቢቆይ ነው።

አዲስ ገመድ መግዛት ነበረብን። ሁለት መቶ ዶላር ገደማ ነው፤ ለእኔ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ውሃ እንዳያስገባ የተቀባውን፣ ውዱን፣ ላንሳ ስል ከለከሉኝ። ያ ለበረዶና ለውርጭ ግድግዳ ለሚሄድ ሰው ይጠቅማል፤ እናንተ በደረቅ ድንጋይ ላይ ናችሁ አሉኝ። የሰባ ሜትሩንም መለሱት፤ ለምንወጣባቸው አጫጭር መንገዶች ስልሳው ይበቃል። ከመስኮቱ ጀርባ ያለ ሰው ርካሹን እንድወስድ ሲመክረኝ ያየሁት ያን ቀን ነው።

አሁን ደግሞ ስለ ዋናው ነገር። መሣሪያው እንዳልነበረ፣ የገመዱን ጥምዝ ያመጣሁት እኔ መሆኔን ያስረዱኝ በእንዝርት ነው። «እናትህ ስትፈትል አይተህ ታውቃለህ?» አሉኝ። አዎን አልሁ። «እንዝርቱ በዞረ ቁጥር ክሩ ላይ አንድ ጥምዝ ይጨምራል። አንተም በክርንህ ዙሪያ በጠመጠምኸው ቁጥር እንዲሁ ታደርገዋለህ። ሠላሳ ዙር ሠላሳ ጥምዝ ነው። ልጅህ አየር ላይ የምትሽከረከረው አንተ የፈተልኸው ሲፈታ ነው።»

አዲሱ ገመድ ራሱ ከፋብሪካ የሚመጣው እንደ ልቃቂት ተጠቅልሎ ነው። እኔ ብሆን ወለል ላይ ጥዬ ጫፉን እስበው ነበር፤ ያ ከመጀመሪያው ቀን ጥምዝ ያስገባበታል። ጋሼ ልጄን ሁለት እጇን በጥቅሉ ቀዳዳ ውስጥ አስገብታ እንድትቆም አደረጓት። እኔ ጫፉን ይዤ ወደ ኋላ ስሄድ እርሷ ጥቅሉን ታሽከረክራለች፤ አያቶቻችን ልቃቂት ሲተረትሩ እንደሚያደርጉት ማለት ነው። ከዚያ ሦስት ጊዜ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው በእጃችን አሳልፈን ወለል ላይ ልል ክምር አደረግነው።

አጠቃለሉን ቁጭ ብለው አራት ጊዜ አሳዩን። ሁለቱን ጫፎች አንድ ላይ ትይዛላችሁ። ከጫፎቹ ሁለት እጅ ሙሉ ያህል ትተዋላችሁ፤ ይህ ለመጨረሻው ማሰሪያ ነው። የቀረውን ሁለት እጆቻችሁን እስከ መጨረሻ እየዘረጋችሁ አንገታችሁ ላይ ታሳርፉታላችሁ፦ አንዱ እጥፍ በቀኝ ይወርዳል፣ ቀጣዩ በግራ፣ ከዚያ እንደገና በቀኝ። ዙር የለም። ገመዱ ሄዶ ይመለሳል እንጂ አይዞርም፤ ምሥጢሩ ይኸው ነው። መካከሉ ላይ ስትደርሱ ጥቅሉን ከአንገታችሁ አውርዳችሁ በአንድ እጅ ወገቡ ላይ ትይዙታላችሁ፤ እንደ ቢራቢሮ ክንፍ በሁለት በኩል ይንጠለጠላል። በተረፉት ጫፎች ወገቡን ሦስት አራት ጊዜ አጥብቃችሁ ታስሩታላችሁ፤ ከዚያ አንድ እጥፍ ከላይ በቀረው ቀዳዳ ታሳልፉና ጫፎቹን በእጥፉ ውስጥ አስገብታችሁ ትስባላችሁ። የተረፉት ጫፎች በሁለት ትከሻ ወርደው፣ በብብት ሥር አልፈው፣ ጀርባ ላይ ጥቅሉን አቋርጠው ወገብ ላይ ሲታሰሩ ገመዱን እንደ ሕፃን ታዝላላችሁ። ልጄ በሦስተኛው ሙከራ ቻለችው። እኔ በስድስተኛው።

ግን ይህ ጥቅል ለመንገድ ነው። «ቤት ስትገባ ፍታው» ይላሉ። ቤት ውስጥ ገመዱ ቋጠሮው ሁሉ ተፈትቶ ሰፊ ከረጢት ውስጥ ልል ሆኖ ይቀመጣል፤ ሁለቱ ጫፎች ብቻ በሁለት የተለያየ ቀለም ባላቸው ቀለበቶች ላይ ይታሰራሉ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ፍለጋ እንዳይሆን። ቦታው ፀሐይ የማይገባበት፣ ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ መሆን አለበት። ከባትሪ፣ ከቤንዚን፣ ከበረኪናና ከመሳሰሉት የጽዳት ኬሚካሎች መራቅ አለበት። እኛ ልብስ ማጠቢያው ክፍል አጠገብ ያለውን ቁም ሳጥን መርጠን ነበር፤ በረኪናው እዚያ ስለሆነ የልጄ አልጋ ሥር ገባ። ሲቆሽሽ ከሠላሳ ዲግሪ ባልበለጠ ለብ ያለ ውሃና በለስላሳ ሳሙና ታጥቦ ጥላ ሥር ልል ተደርጎ ይሰጣል።

በገደሉ ሥር ግን አንዱን ጫፍ ቋጥሩ ብለው ሦስት ጊዜ ደጋግመውልኛል። ሰው እየወረደ ገመዱ ሲያልቅ ያልተቋጠረው ጫፍ በመሣሪያው ሾልኮ ይወጣል። በዓለት መውጣት ላይ ከሚደርሱት አደጋዎች ይህ አንዱ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ከአእምሮዬ አልወጣም። ልጄ ስትዞር ወለሉ ላይ ያለውን አዲስ ገመድ በጫማዋ ረገጠችው። ጋሼ አልተቆጧትም፤ ጎንበስ ብለው እግሯን በእጃቸው አነሱላትና «የደብረ ዳሞን ጠፍር ማን በእግሩ ይረግጠዋል?» አሏት። ታሪኩን አታውቀውም ነበር። እኔ ግን የአሥር ዓመት ልጅ ሆኜ ለአቡነ አረጋዊ በዓል ከአባቴ ጋር ሄጃለሁ። እናቴ ሴት ስለማትወጣ ከታች ቀረች። ወገቤ ላይ ባሰሩልኝ ጠፍር መነኮሳቱ ከላይ ሲስቡኝ፣ በሌላው ወፍራም ጠፍር ላይ በእጄ እየተንጠላጠልሁ አሥራ አምስት ሜትር ያህል ወጣሁ። የቆዳው ሽታና በብዙ ሰው መዳፍ ብዛት መለስለሱ አሁንም መዳፌ ላይ አለ። መኪና ስንነዳ እየተመለስን ይህን ለልጄ ነገርኋት፤ በሕይወቴ ነግሬያት አላውቅም ነበር። ጫማ የገመዱን ሽመና የሚጎዳው በደቃቅ አሸዋ ነው፤ አሸዋው ወደ ውስጥ ገብቶ ክሮቹን እየፈገፈገ ይቆርጣል።

ጋሼ ለዚህ ሁሉ ድካም ከገመዱ ዋጋ ሌላ አንድ ሳንቲም አልተቀበሉም። ጉርሻ አውጥቼ ሳስቀምጥላቸው ወደ ኪሴ መለሱት። በሳምንቱ ባለቤቴ የጋገረችውን ድፎ ዳቦ ይዘን ስንሄድ ግን እምቢ አላሉም።

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ። ልጄ አሁን ሳትሽከረከር ትወርዳለች። ጥቅሉንም ራሷ ትሠራዋለች፤ እኔን አታስነካኝም።

ገመድ ያላችሁ፣ ወይም ልጃችሁ ከሰው ገመድ የወሰደላችሁ ወላጆች፣ ሂዱና አሳዩዋቸው። የአዳራሹን አድራሻ በውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ ሁሉ እልካለሁ። የሚገኙት ረቡዕና ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ገመዱን ከመሄዳችሁ በፊት አትጠቡት፣ እንደገናም አትጠቅልሉት፤ ከነከረጢቱ፣ እንዳለ አምጡት ይላሉ።