ሕይወቷን የምትዘፍን አዝማሪ፦ ጎንደር ፒያሳ ስላለ አንድ አዝማሪ ቤት

ጎንደር መጥቶ አዝማሪ ቤት ሳይገባ የሚመለስ እንግዳ ብዙ አይደለም። ቀን ፋሲል ግንብን ያያል፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብቶ ጣሪያው ላይ የተሳሉትን የመላእክት ፊቶች አንጋጦ ያያል፣ ማታ ሲሆን ደግሞ ባጃጅ ነጂውን "ጨዋታ ያለበት ውሰደኝ" ይላል። የሚወስዱት ቤት ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። አዝማሪዎቹ ስሙን ይጠይቁታል፣ ከየት እንደመጣ ይጠይቁታል፣ አንበሳና ነብር ያደርጉታል፣ ብር ግንባራቸው ላይ ይለጥፋል፣ ይወጣል። ሙገሳው አይከፋም። በማግስቱ ግን አንድ ስንኝ እንኳ አያስታውስም።

ዛሬ የምጽፍላችሁ ቤት እንደዚያ አይደለም። ፒያሳ ነው፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ። ታፔላ የለውም። የሰፈሩ ልጆች "የተመላሿ ቤት" ነው የሚሉት፤ እንደዚያ ብላችሁ ብትጠይቁ ያሳዩዋችኋል። ጠባብ ክፍል ነው፣ ቄጠማ ተጎዝጉዟል፣ ግድግዳውን ተከትሎ መደብ አለ፣ መሀል ላይ ዱካ ተደርድሯል። ጠጁ ጥሩ ነው፣ ጌሾው በልኩ ነው። ቢራ ለሚፈልግ እዚሁ ጎንደር የሚጠመቀው ዳሸን አለ። ጥብሱ መካከለኛ ነው። ስለ ምግቡ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም፣ ለምግብ ብሎ እዚያ የሚሄድም አላየሁም።

የሚሄደው ለእሷ ነው።

ቤቱን የከፈተችው ዘፋኟ ራሷ ናት። ከስደት ተመላሽ ናት፣ ቤይሩት ሰው ቤት ስትሠራ ኖራለች። ይሄን ማታ ማታ ለቤቱ ሁሉ ራሷ የምታወራው ስለሆነ ነው እኔም የምጽፈው። እዚያ አገር ካፋላ የሚሉት አሠራር አለ፤ የሠራተኛዋ የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋር የተሳሰረ ነው፣ ከቤቱ ከወጣች ሕገ ወጥ ትሆናለች። ፓስፖርቷን እመቤቲቱ ቆልፋባት እንደነበር ስትናገር ድምፅዋ አይንቀጠቀጥም። የቁልፉን ቦታ፣ የሳጥኑን ቀለም፣ ስትጠርገው በየቀኑ እንዴት ታየው እንደነበር ታወራለች። ከዚያ ወደ ባልደረባዋ ዞር ትልና "በል ግጠመኝ" ትለዋለች።

ባልደረባዋ ማሲንቆ መቺው ነው። ወጣት ነው፣ ያደገው ጎንደር አጠገብ ካለው የአዝማሪዎች መንደር ከቡርቧክስ ነው። ልጁን ቀረብ ብላችሁ እዩት። ከመጀመሩ በፊት የደጋኑን ጭራ እጣን ያስነካዋል፣ አንድ ጊዜ ይስበዋል፣ ጆሮውን ወደ ቆዳው ጠጋ ያደርጋል፣ እንደገና ይቀባዋል። ማሲንቆ አንድ ክር ብቻ ነው ያለው፣ እሱም የፈረስ ጭራ። በዚያች አንድ ክር እሷ ስትናገር ከሥር ያጉረመርማል፣ ስታቆም ይመልስላታል፣ ስትስቅ ይስቃል። ሰው ሲያወራ እንዲህ አድርጎ የሚያዳምጥ መሣሪያ እኔ አላውቅም።

መጀመሪያ የምታስቀው ነው። ወንድሟ አለ። ብር ስትልክለት "ቤት እየሠራሁልሽ ነው፣ ግድግዳው ቆሟል፣ ቆርቆሮው ተገዝቷል፣ በሩ ብቻ ነው የቀረው" እያለ በስልክ ሲነግራት ኖረ። መጣች። ቦታው ላይ ባሕር ዛፍ ነው ያለው። ይሄን ስታወራ ወንድሟን ታስመስለዋለች፤ ጉሮሮውን ሲጠርግ፣ "እቴ ሙች" ሲል፣ ሲሚንቶ ተወደደ ሲል። ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። ከዚያ እንዲህ ትላለች፦

የሰው ፎቅ ወልውዬ ስልክልህ ያን ብሩን፣
ቤት ሠራሁ ትላለህ አሳየኛ በሩን።

አጠገቤ የነበሩ ሴትዮ ከሳቅ ብዛት በነጠላቸው ዓይናቸውን ሲጠርጉ አየሁ። ከጎናቸው የተቀመጠችው ልጅ ግን አልሳቀችም፣ አንገቷን ደፍታ ነበር። የሷም ወንድም ቤት ሠርቶላት ይሆን አላውቅም። ጎንደር ውስጥ ዓረብ አገር ሰው ያልላከ ቤት ፈልጎ ማግኘት ቀላል አይደለምና የምትዘፍነው የብዙ ሰው ገበና ነው።

ሁሉም ገና እየሳቀ እያለ ልጁ ቅኝቱን ወደ ትዝታ ያዞረዋል። ማንም አይነግራችሁም፣ ሰውነታችሁ ነው የሚያውቀው። እናቷ ሲሞቱ እዚያ ነበረች። መርዶውን የነገሯት ዘግይተው ነው። የቤቱን ሕፃን አዝላ እሹሩሩ ስትል ነበር ስልኩ የመጣው፣ ማልቀስ አይፈቀድላትም፣ ሕፃኑ ይነቃል። ስለዚህ እሹሩሩዋን ቀጠለች፣ እዚያው ላይ አለቀሰች።

እናቴ ስትቀበር የሰው ልጅ አዝዬ፣
እሹሩሩው ራሱ ሆነልኝ ሙሾዬ።

ይሄን የሰማ ሰው ብር ለመለጠፍ አይነሣም። እሷም አትጠብቅም። ሁለተኛ አትደግመውም፣ አታስረዝመውም፣ እንዲያዝንላት አትለማመጥም። ጠጇን ትጎነጫለች፣ ወደ ቀጣዩ ታልፋለች። ይሄ ልክ ነው ብዬ የማምነው ነገር ነው። ሐዘንን ሠርቶ ማቅረብ ማለት ይሄ ነው፤ ጥሬውን ዘርግፎ ሰውን ማስለቀስማ ማንም ይችላል፣ እሷ ግን የቱን ስንኝ ከየትኛው ሳቅ ቀጥሎ እንደምታስገባው አስባበታለች። ሌላ ቀን ስሄድ ቅደም ተከተሉን ለውጣው አገኘሁ። እናቷን አስቀድማ ወንድሟን አስከተለች፣ ያን ቀን ሳቁ ራሱ መራራ ነበር። ሁለቱም ይሠራል፣ እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ።

አንዳንድ ሰው "ገበናዋን ለጠጪ ትሸጣለች" ሲል ሰምቻለሁ። በጣም ነው የማልስማማው። የሕይወት ታሪክ መጻፍ እኛ ዘንድ የባለሥልጣንና የጦር አለቃ ሥራ ሆኖ ነው የኖረው። ሰው ቤት ያገለገለች ሴት የሕይወቴ ታሪክ ብላ መጽሐፍ ስታሳትም ስንት ጊዜ አያችሁ? የሷ መጽሐፍ ይሄ ነው፣ በየማታው ታነበዋለች፣ በየማታው ታርመዋለች። ደግሞስ መከራን በግጥም መናገር ለእኛ አዲስ ነገር ነው እንዴ? ለቅሶ ቤት ሙሾ አውራጇ የሟቹን ታሪክ ስታወጣ ሰው ሁሉ ደረቱን እየመታ ይቀበላል። አዝማሪም ቢሆን ከጥንት ጀምሮ በመኳንንቱ ፊት ሌላ ሰው የማይደፍረውን በቅኔ ሸፍኖ የሚናገር ነው። ጣሊያን የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ አዝማሪዎችን ከጠንቋዮች ጋር እያሳደደ ገደለ። ማሲንቆ ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ያን ያህል አይፈራውም ነበር።

ከዚያ ተቀበል ይመጣል። እዚህ ቤት ካለው ሁሉ እኔ በጣም የምወደው ይሄን ክፍል ነው። የተለመደው ተቀበል ፍቅረኛውን ለማሞገስ ወይም ጓደኛውን ለመተረብ ነው፤ እሷ ግን ገና ሲጀመር "የራሳችሁን አምጡ፣ የደረሰባችሁን" ትላለች። ሰው መጀመሪያ ያፍራል። አንድ ጥግ ላይ ብቻውን የተቀመጠ ሰውዬ ነበር፣ የለበሰው የሥራ ልብስ ላይ የቅባት እድፍ ያለበት። እጁን አነሣ። "ተቀበይ" አላት፦

ባጃጄን ሸጥኩላት ልጄ ድና ቆመች፣
በእግር እንሂድ ስላት እዘለኝ አባ አለች።

እሷ ተቀበለችው። በዜማ ስትመልስለት "እዘለኝ አባ" የሚለውን እንደ ሕፃን አድርጋ አቅጥና ነው ያወጣችው፣ ቤቱ አንድ ጊዜ ሳቀ፣ ሰውዬው ራሱ ከሁሉም በላይ ሳቀ፣ ዓይኑ ግን ሞልቶ ነበር። "እሰይ! እንኳን ዳነችልህ ወንድሜ" አለችው፣ የጠጣበትን እንዳይከፍል ለአስተናጋጁ በእጇ ምልክት ሰጠች። ከሱ በኋላ እጅ ለማንሣት ያፈረ ሰው አልነበረም። አንዷ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከቤት ስለመፈናቀል አወጣች፣ አንድ ሽማግሌ ስለ ጡረታ ወረፋ አወጡ። ግጥሙ ቤት ሳይመታ ሲቀር እሷ ቃል ትለውጥላቸዋለች፣ በጣም በቀስታ፣ ሰውዬው ራሱ ያለው እስኪመስለው ድረስ።

አሁን የማይጥመኝን ልናገር። ድምፅ ማጉያው። እንዲህ ባለ ጠባብ ክፍል ውስጥ ያን የሚያክል ስፒከር ምን ይሠራል? ከበሮው ሲገባ ማሲንቆው ጨርሶ ይዋጣል፣ ከስንኙ ግማሹ ያመልጣል፣ እሷን ለመስማት የመጣ ሰው ደግሞ ስንኙን ነው የሚፈልገው። ለራሷ ነግሬያታለሁ። "ወጣቶቹ ካልጮኸ አይጨፍሩም" አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ግን ቢያንስ ትዝታው ላይ ይጥፋ። ሁለተኛው፣ አስተናጋጆቹ ትዝታ መሀል እየተሹለከለኩ "ይጨመር?" ማለታቸው። ጎበዝ፣ ትንሽ ታገሡ! ሦስተኛው፣ ቆይቶ ሌላ ተረኛ ዘፋኝ ይገባና ያው የነብርና የአንበሳው ሙገሳ ይጀመራል። ጥሩ ድምፅ አለው፣ እኔ ግን ያኔ ሒሳቤን ከፍዬ ነው የምወጣው።

መሄድ የምትፈልጉ ካላችሁ ሥራ ቀን ሂዱ። ቅዳሜ ሠርገኛው ስለሚሞላው ወሬውን አታወራም፣ ጭፈራ ብቻ ነው። በሁዳዴ አትድከሙ፣ ዘፈን የለም። በጊዜ ግቡና ከማሲንቆ መቺው በስተግራ ያለውን መደብ ያዙ፣ ስፒከሩ ወደዚያ አይዞርም። የመግቢያ አይከፈልም። ለሽልማት ዝርዝር ብር ያዙ፣ ለልጁም ስጡት፣ ሰው ሁሉ እሷን ብቻ እየሸለመ ይረሳዋል። ስልካችሁን አውጥታችሁ አትቅረጿት፣ አትወድም፣ ትናገራለችም። ተቀበል ላይ ተራ ሲደርሳችሁ የምትሰጡትን አንድ ስንኝ ከቤት ይዛችሁ ብትሄዱ ደግሞ በጣም ደስ ይላታል።