በሁለት ቢላ የሚበላው የትኛው ነው? በአዲስ አበባ ዳርቻ ቤት ለሚገዙ የደላሎች ንጽጽር

ቱሉ ዲምቱ፣ የካ አባዶ ወይም ኮዬ ፈጬ ቤት ሊያዩ ሲሄዱ ከፊት የሚመራዎት ሰው «እኔ ያንተው ነኝ» ይላል። ጠዋት ለሻጩም ያንኑ ብሎት ሊሆን ይችላል። በንግድ ሕጉ ደላላ ማለት ራሱን ችሎ ተዋዋዮችን የሚያገናኝ ሰው ነው፤ ማገናኘትና መወከል ደግሞ ለየቅል ናቸው። እናም የሰውየውን ጥሩነት ከመመዘንዎ በፊት ለማን እንደሚሠራና ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣለት ይወቁ።

ቤቱን የያዘው ደላላ

ሻጩ ቁልፉን የሰጠው ነው። ባለቤቱን ያውቃል፣ የካርታው ኮፒ በእጁ አለ፣ ቤቱን ዛሬውኑ ያሳይዎታል። ጣጣው ዋጋ ላይ ነው። «ለእኔ 7.4 ሚሊዮን ይድረሰኝ፣ ከዚያ በላይ ያገኘኸው ያንተ» የሚል ሻጭ ብዙ ነው። ደላላው በ8 ሚሊዮን ካዋዋለዎት 600,000 ብር የሱ ሆነ ማለት ነው። ከእርስዎም 2 በመቶ ከጠየቀ 160,000 ይጨመራል። እንዲህ ያለው ሰው ዋጋ ቢያስቀንስልዎት የሚቀነሰው ከራሱ ኪስ ስለሆነ ብዙ አይጠብቁ። ምልክቱ ከሻጩ ጋር ለብቻ እንዳትነጋገሩ መሯሯጡ ነው። ደላላው አጠገባችሁ ቢቆምም ዋጋውን ከሻጩ አፍ ይስሙ።

እርስዎ ያሰማሩት ደላላ

ከሁሉም ለገዢ የሚቀርበው ይህ ነው፤ ግን ክፍያው በመቶኛ ከሆነ እሱም ቤቱ በተወደደ ቁጥር ያተርፋል። በቁርጥ ብር ቢስማሙ ይሻላል፦ በ7.8ም ገዙ በ7.4 ሚሊዮን፣ ክፍያው ያው 120,000 ብር ይሁን። ሌላው ችግር ሰንሰለቱ ነው። ያመጣልዎት ቤት ከሌላ ደላላ የተቀበለው፣ ያኛውም ከሦስተኛ ሰው የሰማው ይሆንና ኮሚሽኑ ለሦስት ይካፈላል፤ እያንዳንዱም የራሱን ይጨምርበታል። «ከባለቤቱ ስንተኛው ሰው ነህ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም።

አንዲት ገጽ ወረቀት ይፈራረሙ፦ ስም፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ የክፍያው መጠንና ጊዜ፣ ከዚያም «ከሻጩ ምንም አልቀበልም፤ ተቀብዬ ከተገኘሁ ከገዢው የምጠይቀው ክፍያ የለም» የሚል ዓረፍተ ነገር። አልፈርምም ካለ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ነገረዎት።

ከሁለቱም የሚቀበለው

በብዛት የሚያጋጥመው ይህ ነው። ሁለታችሁም አውቃችሁ ከተስማማችሁ ችግር የለውም፤ ያስተዋውቃችኋል፣ ያመላልሳችኋል። ዋጋው ተገቢ ስለመሆኑ ግን ምክሩን አይጠይቁት።

ውክልና የያዘው

ይህ ደላላ አይደለም፤ በሻጩ ቦታ የቆመ ሰው ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ጠቅላላ ውክልና ቤት ለመሸጥ አይበቃም። ሰነዱ ላይ «ለመሸጥ» የሚል ቃል በግልጽ መኖሩን ይዩ። የካርታ ቁጥሩም ከተጠቀሰ ከካርታው ጋር ያመሳክሩት። ከዚያ ውክልናው አለመሻሩን ሰነዱን ከሰጠው መሥሪያ ቤት ያጣሩ፤ ወካዩ ከሞተም ውክልናው አብሮት ያከትማል። ውጭ አገር የተሰጠ ከሆነ የኤምባሲያችንና የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማረጋገጫ ሊኖርበት ይገባል። ባለቤቱ ባለትዳር ከሆነና ቤቱ የጋራ ከሆነ የባል ወይም የሚስት ስምምነትም ያስፈልጋል፤ የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ያዛል።

ደላላው ራሱ ውክልናውን ይዞ ከመጣ ሻጭም አገናኝም ሆኗል። ለሻጭ ኮሚሽን አይከፈልም።

ብዙ ሰው የሚወድቀው ግን ኮንዶሚኒየም ላይ ነው። በዕጣ የደረሰ ቤት አምስት ዓመት ሳይሞላው አይሸጥም። ደላላው «ችግር የለም፣ በውክልና ይጨርሱና ዓመቱ ሲሞላ ስሙ ይዞራል» ይላል። ውክልና ሽያጭ አይደለም፦ ባለዕጣው ነገ ሊሽረው ይችላል፣ ከሞተም ፊትዎ የሚቆሙት ወራሾቹ ናቸው። ገንዘብዎ ግን ወጥቷል።

የሪል ስቴት ድርጅት የሽያጭ ሠራተኛ

ደመወዙንም ኮሚሽኑንም የሚሰጠው ድርጅቱ ስለሆነ ከእርስዎ ምንም አይጠይቅም፤ ወገኑም ግልጽ ነው። በአፉና በቴሌግራም የነገረዎት የርክክብ ቀን፣ የማጠናቀቂያው ደረጃ፣ የመዘግየት ቅጣት ውሉ ላይ ከሌለ እንዳልተባለ ይቁጠሩት።

ማንም ያገናኛችሁ

ዳርቻው ላይ «አዲስ አበባ ናት» የተባለች ቤት ካርታዋ ሲታይ የሸገር ከተማ ሆና ትገኛለች። ሸገር በ2015 ዓ.ም. የተመሠረተ የኦሮሚያ ከተማ ነው፤ ፋይሉም ያለው እዚያ ነው። ካርታው ላይ ያለውን ማኅተም አይተው ዕዳና እገዳ መኖር አለመኖሩን ካርታውን ከሰጠው መሥሪያ ቤት ያጣሩ። ሜትርም ይያዙ፦ ካርታው 150 ካሬ ካለ አጥሩ 10 በ15 መምጣቱን ለክተው ያረጋግጡ። አጠገቡ ያለውን ማዕዘን ቦታ አሳይቶ ውስጡን የሚሸጥ አይጠፋም። «ካርታው በሂደት ላይ ነው» የተባለ የእርሻ መሬት ሲቀርብልዎት የትኛውም ዓይነት ደላላ አያድንዎትም፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም።

ቀብድ በሻጩ ስም ወዳለ የባንክ ሒሳብ እንጂ ወደ ደላላው አይግባ። በሕጉ፣ ውሉ ሌላ ካላለ፣ ቀብድ የሰጠ ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለ ቢያፈርስ እጥፉን ይመልሳል። ደላላው ያለ ውክልና ከተቀበለ ግን ሻጩ «እኔ መቼ ወሰድኩ?» ይላል፣ እርስዎም እጥፉን ቀርቶ ያንኑ ቀብድ ለማግኘት ደላላውን ማሳደድ ይጀምራሉ።

የደላላውን ክፍያ ግማሹን ሰነዶች ማረጋገጫ በፈረማችሁ ቀን፣ ግማሹን ስሙ ወደ እርስዎ ሲዞር በባንክ ይክፈሉ። ኮሪደር ላይ «አሁኑኑ ሙሉውን» ማለቱ አይቀርም፤ የተፈራረማችሁትን ወረቀት ያሳዩት።